ለፊዚዮዋ እህቴና ከጎኔ ለነበራችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይኸው መቀስ ይዣለሁ። ቀኝ እጄ ወደ ላይ ይነሣል፣ አንገቴም ይዞራል። ያለፈውን አልተርክላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሐረር መኪና ግርግር ያለው የልብስ ስፌት ሱቄ ተዘግቶ ያያችሁ ሁሉ፣ በአንገትና በትከሻ ሕመም በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ አይታችኋል። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው።

መጀመሪያ ድሬዳዋ ያለችው ፊዚዮቴራፒስት እህቴ። ስሜ እንዳይጻፍ ስላለችኝ አልጠራትም። እህቴ፣ ከአንቺ በፊት ያየኝ ሁሉ ወረቀቴን ነበር የሚያየው። ራጅ፣ የደም ምርመራ፣ ማዘዣ። አንቺ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርሽና “ጋሼ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁና የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ” አልሽኝ። ከዚያ በራስሽ ጣት ከአንገቴ ሥር እስከ ትከሻዬ ጫፍ ቀስ እያልሽ ዳሰስሽው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሺ ጫን አደረግሽ። ሕመሙ በጆሮዬ ጀርባ አልፎ ጆሮ ግንዴ ላይ ወጣ። ስንት ኪኒን የዋጥኩለት የራስ ምታት፣ ያው ራሱ! ምንጩ ትከሻዬ ላይ ኖሯል። “ይሄ ነው አይደል?” ስትዪኝ እንባዬ መጣ። አሞኝ አይደለም። የሚያምነኝ ሰው አገኘሁ፣ በቃ።

መርፌ ስትዪኝ ግን ደንግጬ ነበር፣ ያውም መድኃኒት የሌለው፣ “ድራይ ኒድሊንግ” የሚሉት መርፌ። አልተቆጣሽም፣ አልቸኮልሽም። እሽጉን ፊቴ ቀደሽ አሳየሽኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ የያዝኩ ሰው ነኝ። ወፈር ያለ ጨርቅ የምሰፋበት ባለ 90 ቁጥር የመኪና መርፌ ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ያንቺው 0.25 ነበር። ቀዳዳም የለውም፣ ምንም አያስገባም። አንዴ ከተጠቀምሽበት በኋላ ወደ ጠንካራው ሣጥን ይጣላል።

ያስረዳሽኝን አልረሳም። ጡንቻ አንድ ሥራ ላይ ተወጥሮ ሲኖር መሐሉ ላይ የተቋጠረ ቦታ ይፈጠራል። አንድ ክር ሲጠብቅ ጨርቁን ሁሉ እንደሚሰበስበው ነው፣ ይሄን ለልብስ ሰፊ ማስረዳት አያስፈልግም። መርፌው ቋጠሮውን ሲያገኘው ጡንቻው ድንገት ይንቀጠቀጥና ይላላል፣ ነርቩም ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲለቅ ያደርጋል። እውነትም ትከሻዬ ውስጥ ንዝር አለብኝ፣ ከዚያ ሙቀት ወረደ። ካሬል ሌዊት የሚባል የቼክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 መድኃኒት ባይኖርበትም መርፌው ራሱ እንደሚያስታግስ መጻፉን የነገርሽኝም አንቺ ነሽ። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ናይስም እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንዳንድ የቆየ ሕመም አኩፓንቸርን፣ ያንን በቀጭን መርፌ የሚሰጠውን የቻይና ባህላዊ ሕክምና፣ ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል።

ደግሞ አላጋነንሽልኝም። “ለሁሉም አይሠራም ጋሼ፣ ለእርስዎም ላይሠራ ይችላል” አልሽኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ እጄ ይደነዝዝ ወይም ይዝል እንደሆነ ሳትጠይቂ አልነካሽኝም። ከሥር ሳምባ አለ ብለሽ የትከሻዬን ጡንቻ በጣቶችሽ ቆንጥጠሽ ከፍ አድርገሽ ነው የወጋሽው። ማግስቱን እንደተደበደበ ሰው እንደሚያመኝ አስቀድመሽ ነገርሽኝ፣ ማታ ደግሞ ራስሽ ደውለሽ ጠየቅሽኝ። ማን እንዲህ ያደርጋል?

ይህችው እህቴ ሐረር ለራሷ ጉዳይ መጥታ ሱቄ ድረስ ገባች፣ ይሄን ሁላችሁም ስሙልኝ። ቁጭ ብዬ እንድሰፋ አደረገችኝና ጎኔ ተንበርክካ በገዛ ሜትሬ ወንበሩን ለካች። “መርፌው ቢያላላዎት ወንበሩ መልሶ ይቋጥርዎታል” አለችኝ። ወንበሩ ከፍ አለ፣ መብራቱ ወደ ግራ ዞረ፣ የአንገቱን እንቅስቃሴ ደግሞ ለባለቤቴ ጭምር አስተማረች። እናትሽ ትባረክ። ሌላ ቃል የለኝም።

ባለቤቴ፣ ሌሊቱን ሁሉ ትራስ ስትቀያይሪልኝ የነበርሽው፣ ያንቺን ቤት ውስጥ እነግርሻለሁ።

የሚኒባሱ ልጅ፣ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ የደንገጎ ጠመዝማዛ እንዳይጥለኝ ጋቢናውን ትይዝልኝ የነበርከው፣ እደግ። ድሬዳዋ ሳቢያን ያሳደራችሁኝ ዘመዶቼ፣ በዚያ ሙቀት አልጋችሁን ለቅቃችሁልኝ በረንዳ ላይ የተኛችሁ፣ ውለታችሁ አለብኝ።

የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች፣ የሠርጉን ልብስ ተከፋፍላችሁ ጨርሳችሁ ሒሳቡን ለእኔ ቤት የሰጣችሁ፣ አላህም እግዚአብሔርም ይክፈላችሁ። የጀጎል ጎረቤቶቼ፣ የሸዋ በር ጨርቅ ነጋዴዎች፣ ከውጭ አገር የደወላችሁ፣ የጸለያችሁና ዱዓ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። ብዙ ናችሁ፣ እየጻፍኩም ሆዴ እየባባ ነው።

ጨርቃችሁ እኔ ጋ የቆየ ደንበኞቼ፣ ሱቁ ተከፍቷል፣ ኑ። ፊዚዮዋ እህቴ፣ ልጅሽ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው ብለሽኝ ነበር። ልኳን ላኪልኝ፣ ዩኒፎርሟን እኔ ነኝ የምሰፋው። እምቢ እንዳትዪኝ።