መሪው ይንቀጠቀጣል? ባላንስ ከመሥራታችን በፊት ለምን እንደምንነዳው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ቅሬታ እየተደጋገመ ይደርሰናል። «ባላንስ አሠርቼ ወጣሁ፤ መሪው ግን ያው ይንቀጠቀጣል።» አብዛኛው ቅሬታ ከፒክአፕ ባለቤቶች ነው። እውነታችሁን ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ የእኛው ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ባላንስ የማይፈታውን ነገር በባላንስ እንድንፈታ ተጠይቀን ዝም ብለን እሺ ብለናል። እሺ ማለታችንም ያው ጥፋት ነው።

ስለዚህ አሠራራችንን ቀይረናል። ከእንግዲህ «መሪው ይንቀጠቀጣል» ተብሎ የመጣ ፒክአፕ፣ አንድ ዳዶ ሳይፈታ በፊት ይነዳል። ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዶቻችሁም «ለምን ታንቀዋልላላችሁ፣ ባላንስ ብቻ ሥሩልኝ» ትሉናላችሁ። ምክንያቱን እናስረዳችሁ።

መጀመሪያ ስለ ባላንስ። ጎማና ቸርኬ አብረው ሲዞሩ ክብደታቸው ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። ባላንስ መሥራት ማለት በማሽን ለክተን ቸርኬው ላይ ትንንሽ ብረት እየለጠፍን ይህን ማስተካከል ነው። አንዱ ጎን ትንሽ ከከበደ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ያ ጎን ወደ ውጭ ይጎትታል። ትንሽ ስንል ምን ያህል? ብዙ ፒክአፖች የሚያደርጉትን 265/65 አር 17 ጎማ እንውሰድ። ቁመቱ 78 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቸርኬው ጠርዝ ላይ የ50 ግራም ልዩነት ካለ፣ በዚያ ፍጥነት 5 ኪሎ ተኩል የሚያህል ጉልበት ይሆናል። እሱም በሰከንድ 11 ጊዜ ይመታል። በ50 ኪሎ ሜትር ግን ያው 50 ግራም 1 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ከተማ ውስጥ ጨዋ የነበረው መኪና አውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ የሚያብደውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ በስንት ስትነዱ ነው የሚንቀጠቀጠው? የባላንስ ችግር ብዙውን ጊዜ 80 አካባቢ ይጀምራል፣ ከ90 እስከ 110 ባለው ይብሳል። አንዳንዴ ከዚያ በላይ ሲነዳ ይቀንሳል። የመኪናው የፊት እግር የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው። የጎማው ምት ከሱ ጋር ሲገጥም ይብሳል፤ ሲያልፈው ይረግባል። «120 ስነዳ ይሻለኛል» ያሉን ደንበኛ ስለዚህ አልዋሹም። መፍትሔው ግን እሱ አይደለም።

በ20 ወይም በ30 እየሄዳችሁ መሪው ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ፍጥነት የባላንስ ጉድለት ያን ያህል አቅም የለውም። ወይ ቸርኬው ጉድጓድ መትቶት ተጣሟል፣ ወይ ጎማው ራሱ ተበላሽቷል። ጎማ ውስጥ የሽቦ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ከላስቲኩ ሲላቀቅ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ያብጣል። እጃችሁን ጎማው ላይ ስታዞሩ እብጠቱን ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ስትዳብሱ ግን እጃችሁን ተጠንቀቁ፣ የተላቀቀ ሽቦ ብቅ ብሎ ሊወጋ ይችላል። ይህን ጎማ ማንም ባላንስ አያድነውም። በፍጥነት ከተነዳበት ሊፈነዳ ስለሚችል በቀጥታ መቀየር ነው። እዚህ ላይ አንከራከርም።

ሁለተኛው ጥያቄ የት እንደሚሰማችሁ ነው። መሪው ላይ ከሆነ የፊት ጎማዎችን እንጠረጥራለን። ወንበርና ወለሉ ላይ ከሆነ ወደ ኋላ እንሄዳለን። ፒክአፕ ላይ ይሄ ከቤት መኪና ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ) የተሠራው ጭነት ለመሸከም ስለሆነ፣ ባዶውን ሲሄድ ግትር ነው፤ የጎማውን ምት ሁሉ ወደ ወንበር ያስተላልፋል። ቶሎ ለመለየት ስንፈልግ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት እናዛውራለን። መንቀጥቀጡ ከመሪ ወደ ወንበር ከተዛወረ ጥፋተኛው ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። ከነበረበት ንቅንቅ ካላለ፣ ጎማውን ትተን ሞዞውን (ቸርኬው የሚታሰርበትን የመሃል ብረት)፣ እሱን የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታና የመሪ መያዣዎቹን እናያለን። ይህን እናንተም ቤታችሁ በክሪክ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ መሬቱ ሜዳ ከሆነና ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ከደገፋችሁ።

ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ የፊት ዲስክ፣ ማለትም ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት። ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ሳይሆን ሲቀር ፍሬኑ ይዞ ይለቃል፣ መሪው ይዘላል። ከኋላ በዲስክ ፋንታ ታምቡር (ከበሮ መሳይ የፍሬን ብረት) ያለው ፒክአፕ ላይ ደግሞ ክብ መሆኑን ያጣ ታምቡር ወንበርና ፔዳል ላይ ይሰማል። ባላንስ እዚህ ምንም ሥራ የለውም።

ነዳጅ ስትሰጡ የሚመጣ፣ እግራችሁን ስታነሡ የሚጠፋ ከሆነስ? ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ እናያለን። ክሮቼራው፣ ማለትም የዘንጉ መተጣጠፊያ መገጣጠሚያ፣ ልል ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የመሃሉ ኩሽኔታ ላስቲክ ሊቀደድ ይችላል። ይህ ዘንግ ከጎማው አራት እጥፍ ያህል ይፈጥናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ ይዞራል። ስለዚህ ስሜቱ ይለያል። ጎማ ሲሆን መሪው ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ ሲሆን ግን መኪናው ሁሉ እንደ ንብ «እዝዝዝ» ይላል። መኪናውን ከፍ ያስደረጋችሁ ሰዎች በተለይ ይህን አስቡት። ከፍታው ሲቀየር የዘንጉ ማዕዘንም ይቀየራል፤ ክሮቼራው ባልለመደው ማዕዘን ይሠራል።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት። አንድ ደንበኛችን ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሦስቱንም ጊዜ ማሽናችን «ዜሮ»፣ ማለትም የክብደት ልዩነት የለም፣ አለ፤ ሦስቱንም ጊዜ መኪናው ተንቀጠቀጠ። እኛም በልባችን «ሰውየው ያበዙታል» ብለን ነበር። ኋላ ላይ ስናየው ቸርኬዎቹ ከፋብሪካ የመጡት አልነበሩም። የመሃል ቀዳዳቸው ከመኪናው ሞዞ ይሰፋል። ቡሎኖቹ ገጥመዋል፤ ቀዳዳው ግን ክፍተት አለው። በዚህ ላይ ሞዞው ፊት ላይ ዝገት ተጋግሯል።

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። የባላንስ ማሽን ጎማውን የሚለካው በራሱ ዘንግ ላይ አስሮ ነው፤ በእናንተ መኪና ሞዞ ላይ አይደለም። ማሽኑ ላይ መሃል የያዘ ጎማ መኪናው ላይ በትንሹ ወደ ጎን ከታሰረ፣ የማሽኑ ዜሮ ዋጋ የለውም። ማሽኑ ላይ ጎማውን መሃል የሚያስይዘው ሾጣጣ ብረት መጠኑ ካልገጠመ ወይም ካለቀም ያው ነው፤ ስህተቱን እኛው እንፈጥረዋለን። የኛም ሾጣጣ አልቆ ነበር። ቀይረነዋል። የደንበኛችን ሞዞ በሽቦ ብሩሽ ተጠረገ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ገባ፣ ዳዶዎቹ ጎማው አየር ላይ እንዳለ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ከዚያ ትይዩውን እየተባለ፣ በእጅ ተያዙ። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ይቅርታ ጠይቀናል፤ እዚህም እንደግመዋለን።

ዳዶ ካነሣን አይቀር፣ በአየር ሽጉጥ «ድርርር» ተደርጎ የታሰረ ጎማ ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ ይላላል፣ አንዱ ከልክ በላይ ይጠብቃል። እኩል ያልጠበቀ ዳዶ ዲስኩን ስለሚያስጨንቀው፣ ከሳምንታት በኋላ ፍሬን ሲያዝ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ያኔ ማንም ጎማ የፈታበትን ቀን አያስታውስም። እኛ አሁን የመጨረሻውን ማጥበቂያ በሚለካ ቁልፍ ነው የምንሠራው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ብቅ በሉና ደግመን እንይላችሁ።

ስለ ጭቃም እንናገር። መስክ የዋለ ፒክአፕ ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ከግማሽ ኪሎ በላይ ያወጣንበት ቀን አለ። 50 ግራም ምን እንደሚሠራ ከላይ አይታችኋል፤ ቀሪውን አስቡት። እንዲህ ያለ ጎማ ከነጭቃው ባላንስ ቢደረግ፣ ጭቃው መንገድ ላይ ሲረግፍ የለጠፍነው ክብደት ራሱ ችግር ይሆናል። ስለዚህ እባካችሁ የቸርኬውን የውስጥ ፊት አጥባችሁ አምጡ። ውጩን ብቻ አይደለም። ጎማ ውስጥ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ካስገባችሁም ንገሩን። ፈሳሹ ስለሚንሸራተት ማሽኑ በለካ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ እኛም ሳናውቅ ስንለፋ እንውላለን።

ማሽኑ ለአንድ ጎማ ከ100 ግራም በላይ ከጠየቀን ብረት መለጠፋችንን እናቆማለን። ጎማውን አስተንፍሰን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር እናዞረዋለን፤ ከዚያ እንደገና እንለካለን። የጎማው ከባድ ጎንና የቸርኬው ከባድ ጎን አንድ ላይ ከገጠሙ እንዲህ ይለያያሉ። ለመስክ የተሠሩ ወፋፍራም ጎማዎች ግን በተፈጥሯቸው ብዙ ክብደት ይፈልጋሉ፤ በነሱ ላይ ትንሽ እንታገሣለን።

አላይመንትም፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል፣ በተደጋጋሚ ትጠይቁናላችሁ። አላይመንት ሲዛባ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማውም ባንድ ጎኑ ይበላል። በቀጥታ መሪ አያንቀጠቅጥም። የተበላው ጎማ ግን ቆይቶ ያንቀጠቅጣል፤ ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

ስትመጡ እነዚህን አስታውሳችሁ ኑ፦ በስንት ሲነዳ ይጀምራል፣ የት ይሰማል፣ ፍሬን ወይም ነዳጅ ይለውጠዋል ወይ፣ ጎማ መቼ ተፈታ፣ ጉድጓድ መትታችኋል ወይ። የጎማ አየር ከመምጣታችሁ በፊት አታስተካክሉ፤ የነበረውን ማየት እንፈልጋለን። ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ ሹፌሩ ራሱ ቢመጣ ይሻላል።

ከዚህ በፊት እኛ ጋ ባላንስ አሠርታችሁ መንቀጥቀጡ ያልለቀቃችሁ፣ ተመለሱ። ነድተን መንስኤውን ለማወቅ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች