ድመት ቀይሩልኝ አላልኩም፤ ወላጆቿን መርምሩ

ለድመት ማርቢያው ባለቤቶች

ጉዳዩ፦ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት በሽታ ያለባት ግልገል ስለ መሸጣችሁና ስለ ሰጣችሁኝ መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

መልሳችሁ ደርሶኛል። ከእናንተ የገዛኋት ድመቴ ደመና የኩላሊት በሽታ እንዳለባት፣ በሽታውም በዘር የሚወረስ መሆኑን የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ ነግሬያችሁ ነበር። እናንተ የጻፋችሁልኝ ይህን ነው፦ «እህቴ፣ በጣም እናዝናለን፣ እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ያጋጥማል፣ ዕድል ነው። ድመቷን መልሺልንና ከሚቀጥለው ወሊድ የወደድሽውን ትመርጫለሽ።» ከሥሩ የልብ ምልክት አለ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ወላጆቿን እንመረምራለን የሚል የለበትም። አብረዋት የተወለዱትን ለገዙ ሰዎች እንነግራለን የሚልም የለበትም። ይባስ ብሎ፣ የሚቀጥለው ወሊድ ከማን እንደሆነ ስጠይቅ ከነዚያው እናትና አባት መሆኑን ራሳችሁ ነገራችሁኝ። ያውም በደስታ፣ «የደመናን እህት ታገኛለሽ» ብላችሁ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ድመት ይታመማል፣ ማንም አርቢ የማይታመም ድመት እሸጣለሁ ሊል አይችልም። ይሄ በሽታ ግን አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር፣ አላያችሁትም፤ አሁን ደግሞ ካወቃችሁ በኋላም እንዳላወቃችሁ ሆናችሁ ልትቀጥሉ ነው።

«ዕድል ነው» ከሚለው ልጀምር። ፐርሺያን የተባለውን የድመት ዝርያ ማርባት ከጀመራችሁ ዓመታት እንዳለፉ ማስታወቂያችሁ ላይ ጽፋችኋል። ስለዚህ ፒኬዲ፣ ማለትም ይህ የደመና በሽታ፣ ምን እንደሆነ አታውቁም ብዬ ማመን ይከብደኛል። ለማንኛውም ልጻፈው። ኩላሊቷ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። ከልደቷ ጀምሮ ነበሩ። ዕድሜዋ ሲጨምር እነሱም እያደጉ ጤነኛውን የኩላሊት ክፍል ቦታ ያሳጡታል፣ ብዙ ጊዜ ድመቷ ጎልማሳ ከሆነች በኋላ ኩላሊቷ መድከም ይጀምራል። መነሻው ፒኬዲ 1 በሚባለው ዘረመል ላይ ያለ ስህተት ነው። ስህተቱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ማለትም ምርመራው ትናንት የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይህን በሽታ ለመያዝ ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ አንድ ቅጂ ይበቃል። ሁለቱም ወላጆች እስኪገጣጠሙ ድረስ ተደብቆ የሚቆይ ዓይነት አይደለም። ደመና ካለባት አባቷ ወይም እናቷ አለባቸው ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ምንም ዕድል የለም። ዕድል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሽታው ያለበት ወላጅ ከሚወልዳቸው ግልገሎች እያንዳንዱ የመውረስ አጋጣሚው ግማሽ በግማሽ ነው። እናንተ «ያጋጥማል» የምትሉት ይህን ነው። ያጋጥማል እንጂ፣ በየወሊዱ ያጋጥማል!

ምርመራው ደግሞ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታውቃላችሁ። የድመቷ ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ዘንግ ይጠረጋል፣ ለላቦራቶሪ ይላካል፣ አለቀ። በማንኛውም ዕድሜ ይሠራል። ለአንድ ድመት በሕይወት ዘመኑ አንዴ ይበቃል። ምርመራው ከመምጣቱ በፊት በተለያዩ አገሮች በአልትራሳውንድ የታዩ ፐርሺያኖች ውስጥ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። በዚህ ዝርያ ሳይመረምሩ ማርባት ማለት ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው።

ደመናን ከመውሰዴ በፊት ይህንኑ ጠይቄያችሁ ነበር፣ መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ወላጆቿ በዘር ለሚመጣ በሽታ ተመርምረዋል?» አልኩ። «ሁሉም ተመርምረዋል፣ ሁሉም ነጌቲቭ» አላችሁ። ወረቀቱን ላኩልኝ አልኩ፣ ላካችሁ። ያንን ወረቀት የደመና ሐኪም ሲያየው ምን አለኝ መሰላችሁ? የቫይረስ ምርመራ ነው! የድመት ሉኪሚያና የድመት ኤድስ የሚባሉትን ሁለት ቫይረሶች ከጥቂት ጠብታ ደም የሚፈልግ፣ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ በደቂቃዎች የሚያልቅ። ጥሩ ምርመራ ነው፣ ማድረጋችሁም ተገቢ ነው፣ ግን ስለ ኩላሊት አንዲት ቃል አይናገርም። ስለ ዘረመል የጠየቀን ሰው በቫይረስ ወረቀት መሸኘት ወይ አለማወቅ ነው ወይ ማታለል፣ የትኛው እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። በዚያ ላይ ወረቀቱ የማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከድመቷ ቆዳ ሥር የሚቀመጠው መለያ፣ ቁጥር የለውም። «ነጭ፣ ሴት» ይላል። ነጭ ሴት ድመት ስንት አላችሁ?

ውላችሁ ላይ ደግሞ «በእንስሳት ሐኪም ሙሉ የጤና ምርመራ ተደርጎላታል» የሚል አለ። ተደርጎላታል፣ አልክድም። ልቧን አዳምጠዋል፣ ጆሮና ጥርሷን አይተዋል፣ ሙቀቷን ለክተዋል። በዚያ ዕድሜዋ ግን የኩላሊቷ ከረጢቶች በእጅ አይዳሰሱም፣ ሐኪሙም ዘረመል ፈትሽ አልተባለም። ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፣ አንባቢው እንዲያምን የሚገፋው ነገር ግን እውነት አይደለም። እኔን ያናደደኝ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ስሙን ጠርቼ እገላገላለሁ።

የዘር ሐረግ ወረቀቱስ? በሚያምር ወፍራም ወረቀት፣ ማኅተም ተደርጎበት መጣ። አራት ትውልድ ተዘርዝሯል። ሰው ይህን ወረቀት የጤና ማረጋገጫ አድርጎ ያየዋል፣ እናንተም እንዲያ እንዲያየው ትፈልጋላችሁ፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ማን ከማን እንደተወለደ ብቻ ነው። እሺ፣ እሱንም ቢሆን እናንብበው። በአባቷ ቦታ የተጻፈው ስም በእናቷ በኩል አያት ቦታ ላይ እንደገና አለ። ያው ስም፣ ያው የምዝገባ ቁጥር። የደመና እናት የደመና አባት ልጅ ናት ማለት ነው።

ይህን ስጠይቅ «የዘር መስመሩን ለማጽናት ነው፣ አርቢዎች ሁሉ ያደርጉታል» አላችሁኝ። ሁሉም አያደርጉትም። አባትና ልጅ ተገናኝተው የሚወለድ ግልገል የዝምድና መጠኑ፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆቹ ያንኑ አንድ የዘረመል ቅጂ የመውረስ ዕድሉ፣ ቢያንስ 25 በመቶ ነው፣ ወንድምና እህት ሲገናኙ ከሚመጣው እኩል። ከዚህ የሚጸናው የምትፈልጉት የፊት ቅርጽ ብቻ አይደለም፣ ተደብቆ የነበረ ችግርም አብሮ ይጸናል። የተመረመረ ወንድ ቢሆን እንኳ አጠያያቂ ነው። ያልተመረመረ ወንድ ከገዛ ልጁ ጋር ማገናኘት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እርባታ አይባልም።

ሌሎቹን ቶሎ ልጥቀሳቸው። ደመናን በስምንት ሳምንቷ አስረከባችሁኝ፣ ክትባቷም አንዴ ብቻ ነበር የተሰጣት። የብሪታንያው የድመት መዝጋቢ ጂሲሲኤፍ 13 ሳምንት ሳይሞላቸው አይሂዱ የሚለው ለጌጥ አይደለም፤ ግልገል መናከስና መቧጨር የት ላይ እንደሚቆም የሚማረው ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ነው። እናቷን ደግሞ ላያት አልቻልኩም፣ «ዛሬ እያረፈች ነው» ተባልኩ። ማረፍማ ይገባት ነበር! ደመና ገና ዓመት አልሞላትም፤ በዚህ መሃል እናቷ ሌላ ወሊድ ወልዳለች፣ አሁን ደግሞ አርግዛለች። ፊፌ የተባለው ዓለም አቀፍ የድመት ማኅበራት ፌዴሬሽን ደንብ አንዲት ድመት በ24 ወር ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ እንድትወልድ አይፈቅድም። እናንተ ሦስተኛውን በአንድ ዓመት ልትጨርሱ ነው።

እግረ መንገዴን፣ «በቅርቡ ጆሮአቸው የታጠፈ ስኮቲሽ ፎልድ ድመቶች ይኖሩናል» የሚለውን ማስታወቂያችሁንም አይቻለሁ። ጆሮውን የሚያጥፈው ዘረመል ጆሮው ላይ አያቆምም፣ የመላ ሰውነቱን ለስላሳ አጥንት ያበላሻል፣ መገጣጠሚያዎቹን ያሳምማል። ጂሲሲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መመዝገብ ያቆመው፣ ፊፌም ዕውቅና የማይሰጠው ለዚህ ነው። በፐርሺያኑ ያላደረጋችሁትን ጥንቃቄ በዚህኛው ታደርጋላችሁ ብዬ አላስብም።

ወደ ልዋጩ ልመለስ። ደመናን አልመልሳትም። ቁጥሩ ያልሆነ ጫማ አይደለችም። ውላችሁ «ዋስትናው የሚሠራው ድመቷ ስትመለስ ነው» ይላል፣ ይህን አንቀጽ ያስገባው ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፦ ድመቱን የለመደ ሰው አይመልስም። ስለዚህ ዋስትናው ወረቀት ላይ አለ፣ የሚጠይቀው ግን አይኖርም። ብመልሳት ምን እንደምታደርጓት ጠይቄ ነበር። ለዚህኛው ጥያቄ የልብ ምልክት እንኳ አልላካችሁም። ሴት ናት፣ መልከ መልካም ናት፣ ወረቀት አላት፤ ለእርባታ አታውሏትም ብዬ ልተማመን የምችልበት ምንም ነገር አልሰጣችሁኝም።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሌሎቹ ነገር ነው። ደመና አራት ወንድምና እህት ነበሯት። ከዚያ በኋላ የተወለዱት አሉ። አባትየው ከሌሎች ሴቶቻችሁ ጋርም ወልዷል፣ ፎቶዎቻቸውን ለጥፋችኋል። እነዚያን ግልገሎች ያሳደጉ ሰዎች አሁን ቤታቸው ውስጥ ጤነኛ የሚመስል ድመት ይዘው ተቀምጠዋል። እኔም የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው፤ ለማምከን ስወስዳት ሐኪሙ ዝርያዋን አይቶ «እስቲ ኩላሊቷንም እንየው» ባይል ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ማወቁ ምን ይጠቅማል እንዳትሉኝ። ለበሽታው መድኃኒት የለውም፣ እውነት ነው። ያወቀ ሰው ግን ብዙ ማድረግ ይችላል። የኩላሊቷን ሁኔታ በየጊዜው በደምና በሽንት ምርመራ ይከታተላል፣ የደም ግፊቷን ያስለካል፣ ውሃ በደንብ እንድትጠጣና እርጥብ ምግብ እንድትበላ ያደርጋል፣ ኩላሊቷ ሲደክም ምግቧን በሐኪም ምክር ይቀይራል። ኩላሊት የሚጎዱ የሕመም ማስታገሻዎች ከመሰጠታቸው በፊት ለሐኪሙ ይናገራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አያራባትም። ያላወቀ ሰው ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም፣ ስም ዝርዝሩና ስልክ ቁጥሩ ያለው ደግሞ እናንተ ጋ ነው። እኔ ብፈልግም ላገኛቸው አልችልም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። አባትና እናቷ የዘረመል ምርመራ ይደረግላቸው። ናሙናውን እናንተ ሳትሆኑ የእንስሳት ሐኪም ይውሰድ፣ ሲወስድም ማይክሮቺፑን አንብቦ ቁጥሩን ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ ውጤቱ ያ ቁጥር ካልኖረበት አልቀበለውም። ውጤቱ እስኪመጣ ወንዱን ከማንም ሴት ጋር አታገናኙ። በሽታው የተገኘበት ወላጅ ይምከን። እርጉዟ ድመት የምትወልዳቸው ግልገሎች እያንዳንዳቸው ሳይመረመሩ ለማንም አይሰጡ፤ ያለባቸውም ቢሆኑ ቤት ያገኛሉ፣ የሚወስዳቸው ሰው አውቆ ይውሰዳቸው እንጂ። ከሁለቱ ወላጆች ግልገል ለገዙ ሰዎች ሁሉ በጽሑፍ አሳውቋቸው። ከማስታወቂያችሁ ላይ «ከዘር በሽታ ነጻ» የሚለውን ዛሬውኑ አንሱ፤ ይህንን ለማድረግ ላቦራቶሪ መጠበቅ አያስፈልግም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የአልትራሳውንዱንና የዘረመል ምርመራውን ወጪ እንድትከፍሉኝ፣ ከመሸጫ ዋጋውም ተመጣጣኝ ተመላሽ እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ግን ከላይ ያሉትን አይተካም። «ገንዘብሽን እንመልስና ነገሩን እንዝጋው» የሚል ስልክ ብትደውሉ መልሴ አይሆንም ነው፣ ከአሁኑ እወቁት።

የሐኪሙን ሪፖርት፣ የአልትራሳውንድ ምስሉን፣ የደመናን የዘረመል ውጤት ከነማይክሮቺፕ ቁጥሯ፣ የላካችሁልኝን የቫይረስ ወረቀትና የተጻጻፍነውን መልእክት ሁሉ አያይዣለሁ። የዘር ሐረግ ወረቀቱን ለሰጣችሁ መዝጋቢ ማኅበርም ቅጂውን ከዚሁ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ደንባቸው ስለ ምርመራና ስለ ወሊድ ብዛት ምን እንደሚል እነሱ ይንገሯችሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ። ስልክ አትደውሉ። መጀመሪያ የምፈልገው ደግሞ ወላጆቿ ናሙና የሚሰጡበትን ቀንና የሐኪሙን ስም ነው።

የደመና ባለቤት