ሥራው ሰኞ ቢጀመርም

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ አጋማሽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ባሕር ዳር መግባታችሁን እስኪሰማ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ አልነግራትም ብሏል፣ እኔ ግን ነገርኩሽ።

ትናንት ስትደውዪ «የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራው ሰኞ ነው አሉን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለን ልንቀመጥ ነው» ብለሽ አማረርሽ። መስመሩ ስለተቆራረጠ ልል ያሰብኩትን አልጨረስኩም። እኔ ብሆን እነዚህን ሁለት ቀናት በምንም አልለውጣቸውም። ሰኞ ያንን የበጎ ፈቃደኛ ቲሸርት ትለብሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያየው ቲሸርቱን ነው። ሁሉም ፈገግ ይልላችኋል፣ ሁሉም ይመርቃችኋል፣ የልቡን የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ከባጃጅ ሹፌር ጋር በዋጋ የምትጨቃጨቂ ተራ ልጅ ነሽ።

ጠዋት ተነስታችሁ ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ የገጠር ሰዎች ታያላችሁ፤ ፎቶ ለማንሳት አትሽቀዳደሙ። ዋጋ ጠይቁ። ጤፉን፣ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ ደግሞ ቆርቆሮና ምስማሩን። የምታድሱት የአቅመ ደካማ ቤት ነው ብለሽኛል። አንድ ቆርቆሮ ስንት እንደሚሸጥ ስታውቂ፣ የቤቱ ባለቤት ጣሪያቸው እያፈሰሰ ያን ሁሉ ክረምት ለምን ዝም እንዳሉ ሳትጠይቂ ይገባሻል። «ለምን ቀደም ብላችሁ አላሳደሳችሁትም?» የሚል ጥያቄ ከጓደኞችሽ አፍ እንዳይወጣ።

ከገበያው ወደ ጣና ሐይቅ ውረዱ። መቼም እንቅር ብትሉም እግራችሁ ይወስዳችኋል። በዘንባባው ስር አድርጋችሁ፣ በጊዮርጊስ በኩል። ሰልፊያችሁን ተነሱና ጨርሱ። ከዚያ ገዳማቱ ካሉበት ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ካጋጠማችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ደንገል ነው። ደንገሉ እስር እስሩ እየሆነ በገመድ ይጠፈራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ቀዛፊው ውሃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ባለቤቱ ዳር ሲደርስ ጎትቶ ያወጣውና እንዲደርቅ ያቆመዋል። እንዲያም ሆኖ ቢያገለግል ወራት ነው፤ ከዚያ ሌላ ይሠራል። ይህን ሙያ ከጥንት ጀምሮ ይዘው የኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ስማቸው በንቀት ሲጠራ ትሰሚ ይሆናል። አብረሽ እንዳትስቂ።

ሐይቁ ላይ ወይን ጠጅ አበባ ያለው አረንጓዴ ምንጣፍ ካያችሁ እምቦጭ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ለአሳ አጥማጁ ግን መረቡንም ጀልባውንም የሚያስርበት ጠላት ነው። ሞቀን ብላችሁ እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ማታ ያለ አጎበር አትተኚ። ባሕር ዳር እንደ አዲስ አበባ ብርዳም አይደለችም፣ ወባ አለባት። «እሺ እማዬ» ብለሽ እንደምታልፊው አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው በጽሑፍ ያደረግኩት።

እግረ መንገድሽን እኔ በተማርኩበት በፔዳ፣ በድሮው የመምህራን ኮሌጅ፣ በር እለፊ። እኔ ስማር ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። የኛ ፔዳና በ1955 በሶቪየቶች እርዳታ የተከፈተው ፖሊ (ፖሊቴክኒክ) ተጣምረው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ነው። የፖሊ ልጆች ይንቁን ነበር፣ እኛም አንወዳቸውም ነበር፤ አባትሽ የፖሊ ልጅ መሆኑን ግን አትርሺ። ያኔ ከተማው ሁሉ ብስክሌት ነበር። አሁን ባጃጅ ሆኗል ይላሉ።

በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ በባጃጅ ሳይሆን በእግራችሁ ተሻገሩት። 380 ሜትር ነው፣ ለእግረኛ የተለየ መንገድ አለው። እኔ በአሮጌው እንጂ በዚህኛው አልሄድኩም። መሃል ላይ ቆማችሁ አባይ ከጣና ወጥቶ መንገድ ሲጀምር እዩልኝ። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም ታያላችሁ።

ዘጌን ለእሁድ አድርጉት፣ ከቅዳሴ በኋላ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት በዋጋው ተስማሙ፣ የደህንነት ጃኬት ከሌለው አትሳፈሩ፣ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ስለሚናወጥ በጊዜ ተመለሱ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ እዚያ ደርሳችሁ አትጨቃጨቁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁላችሁም ትገባላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው፤ ለማየት ጊዜ ስጡት። ነጠላሽን እንዳትረሺ፣ ጫማ ይወልቃል። ጢስ አባይን ለነሐሴ መጨረሻ አቆዩት፣ ያኔ ውሃው ሞልቶ ነው።

ስለ ምግብ ልንገርሽ። ቤታቸውን የምታድሱላቸው ሰዎች ከሌላቸው ላይ ያቀርቡላችኋል። «በሞቴ» ከተባልሽ አንዲት ጉርሻም ብትሆን ቅመሺ፤ «ጠግቤአለሁ» ብሎ መግደርደር እዚያ ቅር ያሰኛል። ጠላውን ግን ከንፈር ማስነካት ይበቃል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ የምታስጠኗቸው ልጆች ሳይቀሩ ይጾማሉ። ፊታቸው ብስኩት አታውጡ። ታላላቆችን «እርስዎ» በይ፤ የአዲስ አበባውን «አንቺ» «አንተ» ለጓደኞችሽ አቆዪው።

ሌላው ቢቀር አንድ ነገር አደራ። ገበያ ውስጥ የቆዳ አገልግል ካገኘሽ ግዢልኝ። መካከለኛውን፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥመውን። መጀመሪያ የጠሩልሽን ዋጋ ግን እንዳትከፍዪ፤ እናቴ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት በያቸው፣ ይቀንሱልሻል።

እናትሽ