ከጥቁር ውኃ ሸለቆ፣ ከመጂዲያ፣ ሮማንያ

ይድረስ ለክቡር አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «መርከቡ ከወንዝ ወደ ባሕር ሲሄድ ኮረብታውን እንዴት ይሻገራል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ረጋ ብለው እንዲያነቡት በደብዳቤ መመለሱን መረጥኩ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱ ያለው ሸለቆው ላይ ነው። የዳኑብ ወንዝ ቼርናቮዳ ከተማ ሲደርስ ወደ ጥቁር ባሕር የሚቀረው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። በመካከል ካራሱ የሚባል ዝቅ ያለ ሸለቆ አለ። ካራሱ በቱርክኛ ጥቁር ውኃ ማለት ነው፤ ቼርናቮዳም በቡልጋርኛ ያው ጥቁር ውኃ ነው። ኦቶማኖች በ1856 ከክሪሚያ የተሰደዱ ታታሮችን እዚሁ አሰፈሩ፤ ከተማዋም በሱልጣን አብዱልመጂድ ስም መጂዲያ ተባለች። በ1860 እንግሊዞች በዚያው ሸለቆ ሐዲድ ዘረጉ። አገሩ በ1878 ወደ ሮማንያ ቢዞርም፣ የሱልጣኑ መስጊድ ዛሬም ቆሟል፤ ታታሩ፣ ቱርኩና ሮማንያዊው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ለድሬዳዋ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

መርከቡ ከዳኑብ ወደ ጥቁር ባሕር የሚያልፍበት ሰው ሠራሽ ቦይም የተከተለው ይህንኑ ሸለቆ ነው። ከ1949 እስከ 1953 እስረኞች በአካፋና በዶማ ቆፈሩት፤ ብዙዎችም እዚያው አለቁ። ዳሩን ስናይ እነሱን መርሳት አይገባም። ሥራው ቆሞ በ1970ዎቹ እንደገና ተጀመረና በ1984 ተመረቀ። ርዝመቱ 64 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የመርከብን መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳጥራል።

ስለዚህ መርከቡ ኮረብታ አይወጣም፤ ኮረብታው ተቆርጦለታል። የሚወጣውና የሚወርደው ሁለቱ ጫፎች ላይ፣ ቼርናቮዳና አጂጃ፣ ባለ በር ገንዳ ውስጥ ነው። እዚህ ኤክሉዛ ይሉታል። ገንዳው 310 ሜትር ይረዝማል፣ 25 ሜትር ይሰፋል። መርከቡ ይገባል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል። ከዚያ የውኃ መተላለፊያዎቹ ይከፈታሉ፤ ለማንሳት ከላይኛው ወገን ውኃ በራሱ ክብደት ይገባል፣ ለማውረድ ወደ ታችኛው ይፈስሳል። ፓምፕ አያስፈልግም። ውጭና ውስጥ እኩል ሳይሆን በሩ አይከፈትም፤ የውኃው ግፊት ራሱ አንቆ ይይዘዋል።

አደጋው ያለው ገመዱ ላይ ነው። መተላለፊያው በአንዴ ወለል ብሎ ከተከፈተ ውኃው ይናወጣል፣ መርከቡን ይጎትተዋል፣ ገመዱ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ገመድ ደግሞ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ሰው ይመታል። በመውረድ ጊዜ ገመዱ ድርቅ ብሎ ከታሰረ ውኃው ይሸሽና መርከቡ በገመዱ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ መርከበኛው ጥቂት በጥቂት እያላላ ይለቃል፤ እጁን ከገመዱ አያነሳም። ይህን ከዳር ቆመው ቢያዩት ደስ ይልዎታል።

ሲሚንቶውን በተመለከተ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የዚህች ከተማ ፋብሪካ ቦዩ አጠገብ ነው፤ ሲሚንቶ ከባድና ርካሽ ስለሆነ ትርፉን የሚበላው የማጓጓዣው ዋጋ ነው። አንድ ጀልባ 3,000 ቶን ሲጭን 40 ቶን የሚይዙ 75 መኪኖችን ይተካል። የጀልባው ክዳን ውኃ ካስገባ ግን የተፈጨው ሲሚንቶ ይጋግራል፤ ገና ያልተፈጨው፣ ክሊንከር የሚባለው፣ እርጥበትን በተሻለ ይችላል። ዳኑብ በድርቅ ሲጎድል ደግሞ ሁሉም ይጨነቃል። የቼርናቮዳ የኑክሌር ጣቢያ የሚቀዘቅዘው በቦዩ ውኃ ስለሆነ፣ በ2003 ነሐሴ ላይ ወንዙ ጎድሎ ሥራ አቁሞ ነበር።

የታታሮቹን ሹበሬክ፣ ሥጋ የተሞላ የሊጥ ጥብስ፣ መቅመስ ይፈልጋሉ፤ ሥጋው በሙስሊም የታረደ ስለሆነ ግን እንደማይበሉት አውቃለሁ። እናቴ በቤት ታዘጋጅልዎ። ግማሽ ኪሎ ዱቄት በጨውና በሩብ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ጠንከር አድርጎ ማሸትና ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ነው። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበግ ሥጋ ከሁለት ትልልቅ ሽንኩርት፣ ከጨው፣ ከቁንዶ በርበሬና ከግማሽ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይለወሳል፤ ውኃው ከቀረ ውስጡ ይደርቃል። ሊጡ ስስ ሆኖ ይዳመጥ፣ ሥጋው በግማሹ ላይ ይሳሳ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታጠፍ፣ ጠርዙ በደንብ ይጫን፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ይጠበስ። ቀዳዳ ካለው መረቁ ዘይቱ ውስጥ ይገባና ይፈናጠራል፤ እናቴ ፊቷን ትጠብቅ። ዘይቱ ካልጋለ ደግሞ ሊጡ ይጠጣዋል። የተጠበሰውን አንዱን በሌላው ላይ አትከምረው፣ ይለሰልሳልና።

ሲመጡ ከቡካሬስት ኮንስታንጻ የሚሄደው ባቡር መጂዲያ ላይ ይቆማል። የባቡሩ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ለጉልበትዎ ስል በሩ ላይ ሆኜ እቀበልዎታለሁ።

ልጅዎ