ጋሼና እትዬ ከፋሲካ በኋላ ለምትሄዱበት የሩዝ አገር መንገድ

ሚላኖ፣ የካቲት

ለውድ ጋሼና ለእትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጋሼ «የነሱን ሩዝ በመኪና መስኮት ሳይሆን በእግሬ ነው የማየው» ስላልከኝ፣ መንገዱን በዝርዝር ጽፌላችኋለሁ። በስልክ የተነገረ ይረሳል፤ ይህን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት።

የምትሄዱት ከቬርቼሊ ተነስታችሁ ፓቪያ ነው። ሁለቱም በሚላኖ አካባቢ፣ በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ጣሊያን ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንደኛ የሩዝ አምራች የሆነችው በዚህ ሜዳ ነው። መንገዱ ቪያ ፍራንቺጀና ይባላል፤ ከእንግሊዝ አገር ከካንተርበሪ ተነስቶ ሮማ የሚገባ የተሳላሚዎች መንገድ ነው። በ990 ዓመተ ምሕረት ገደማ (በነሱ አቆጣጠር) ሲጀሪክ የሚባል የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ከሮማ ሲመለስ ያረፈባቸው ቦታዎች ተጽፈው ስለቀሩ፣ የዛሬው መስመር በነሱ ላይ ተመሥርቷል። ነጭና ቀይ ቀለም በእንጨትና በድንጋይ ላይ ታያላችሁ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በትር የያዘ ትንሽ መንገደኛ ተሥሏል። ያን ተከተሉ።

በአራት ቀን ከፍላችሁ ሂዱ። ከቬርቼሊ ሮቢዮ ወደ 19 ኪሎ ሜትር፣ ከሮቢዮ ሞርታራ 14 ገደማ፣ ከሞርታራ ጋርላስኮ ከ20 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከጋርላስኮ ፓቪያ 25 ገደማ። አጭሩን ሁለተኛ ቀን «እንጨርሰው» ብላችሁ ከሦስተኛው ጋር አትደምሩት፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ነው እግር የሚናገረው።

ቬርቼሊ ከባሕር ወለል በላይ 130 ሜትር አካባቢ ነች፣ ፓቪያ 77 አካባቢ። በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ የምትወርዱት 50 ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ውሃ ብቻ ያውቀዋል። ከወረታ ከ1800 ሜትር ለሚመጣ ሰው ትንፋሽ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ሲፈራረቁ ጡንቻው ይለዋወጣል፤ ሜዳ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ያው ጡንቻ፣ ያው የተረከዝ ቦታ ነው የሚመታው። ስለዚህ ውሃ የሚቋጥረው እግር የተራራ ሳይሆን የሜዳ ነው። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቁሙ፣ ጫማና ካልሲ አውልቁ፣ እግሩ ይድረቅ። የሚያቃጥል ነጥብ ከተሰማችሁ ቁስል እስኪሆን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ፕላስተር ለጥፉበት። ለተራራ የሚሸጠውን ወፍራም ቡትስ አታምጡ፤ ቀላል፣ አየር የሚያስገባ፣ ከልክ በግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለ ጫማ ይበልጣል፤ እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣልና።

ሁለተኛው ችግር ጥላ አለመኖሩ ነው። አንድ የግራር ጥላ ሳታገኙ ሁለት ሰዓት ልትሄዱ ትችላላችሁ። በረድፍ የተተከለ ረጅም የፖፕላር ዛፍ (ለጣውላና ለወረቀት የሚያለሙት ነው) ስታዩ ባይደክማችሁም ገብታችሁ ዕረፉ። ሙቀቱ የእኛ ዓይነት ደረቅ አይደለም፤ ከማሳው ውሃ የሚነሳ ወበቅ ነው፣ ላብ አይደርቅም። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። እዚህ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጠር በባቡር ሰሌዳ ላይ ስድስት የሚለው የእኛ 12 መሆኑን አትርሱ። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ ዕረፍት ጨምሮ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቀትር ገደማ ትጨርሳላችሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። በየመንደሩ አደባባይ ቧንቧ ታገኛላችሁ፣ በመንደርና በመንደር መካከል ግን ምንም የለም። የቦዩን ውሃ ለመጠጥ ቀርቶ ፊት ለመታጠብም አትንኩት፤ የአረም መድኃኒቱ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚወርደው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በሩዝ አገር መንገዱን የሚወስነው ውሃ ነው። የምትሄዱባት መንደር የደወል ማማ ፊት ለፊት ትታያለች፣ በግምት ሁለት ኪሎ ሜትር፤ መንገዱ ግን ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ የሚመልሳችሁ ይመስላል። «በዚህ እንቁረጥ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በማሳዎቹ መካከል ያለው ድልዳል መንገድ ይመስላል፤ መቶ ሜትር ይወስድና ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ዳር ይጥላችኋል። ቦዩ በሲሚንቶ የተለበጠ ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ በአልጌ የሚያዳልጥ ነው፤ የገባበት ሰው መውጫ አያገኝም። ለመዝለል እንዳትሞክሩ። ድልዳሉ ራሱም የገበሬው ነው፤ ጋሼ፣ በሰው ማሳ ላይ የተረገጠ ድልዳል ማታ ተደርምሶ ውሃ እንደሚያፈስ ለአንተ አልነግርህም። መሻገሪያው ድልድዩና የውሃ በሩ ያለበት ብቻ ነው። ስትራዳ ኪዩዛ የሚል ሰሌዳ ካያችሁ መንገዱ ወደፊት አይዘልቅም ማለት ነው፣ አትሞክሩት።

በሣር የተሸፈነውን የቦይ ዳር ስትረግጡ ዓይናችሁ ከእግራችሁ አይራቅ። ኑትሪያ የሚሉት ከደቡብ አሜሪካ ለፀጉሩ ተብሎ የመጣ ትልቅ እንስሳ አለ፤ ዳሩን ከሥር ይቦረቡረዋል። ከላይ ሣር ነው፣ ከሥር ባዶ፣ እግር እስከ ጉልበት ይገባል። በትር ያዙ፣ ፊት ፊቱን እየወጋችሁ ሂዱ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ አፈሩ ከፎገራ ዋልካ አይተናነስም፤ ጫማ ሥር ተጋግሮ ኪሎ ይሆናል። ያን ቀን ከአፈር መንገድ ወጥታችሁ በአስፋልቱ ሂዱ፣ መኪናው ፊት ለፊት እንዲመጣላችሁ በግራ ጠርዝ፣ ተከታትላችሁ።

ካሺና የሚሏቸው በግንብ የታጠሩ ትልልቅ የእርሻ ግቢዎች በሩቅ ይታያሉ። ብዙዎቹ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ ድሮ አረም ለመንቀል በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች እየመጡ ያድሩባቸው ነበር። ሰው ያለበት ግቢ ግን ውሻ አለው፣ ሁልጊዜ የታሰረ አይደለም። አትሩጡ፣ በትሩን አታንሱ፣ ወደ ጎን ዞራችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ክንፉን የዘረጋ የመርጫ ትራክተር ካያችሁ ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል ቁሙና እስኪጨርስ ጠብቁ።

ውሃውን ለማየት ጊዜው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ከአልፕስ በረዶ የሚቀልጠው ውሃ ወደ ማሳው ይለቀቃል፤ ሜዳው ሁሉ በድልዳል የተከፋፈለ ሐይቅ ይሆናል። ነገር ግን አንዳንዱ ማሳ ደረቅ ቢሆን አትገረሙ። ብዙ ገበሬ ዛሬ በደረቅ አፈር ዘርቶ ውሃውን ቡቃያው ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ ነው የሚያስገባው። በውሃ ላይ የተዘራውም ቢሆን ሥር እንዲይዝ ለጥቂት ቀን ይደርቃል። ጋሼ የሚገርምህ ማሳው የሚስተካከልበት መንገድ ነው፤ በሌዘር የሚመራ ማስተካከያ ከትራክተር ኋላ ይጎተታል፣ ውሃው ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ ይቆማል። እኛ ዘንድ ወንዞቹ ጉማራና ርብ ሞልተው ራሳቸው ይመጣሉ፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ጠብታ በበር በኩል ነው የሚገባው። ከመንገዳችሁ ወደ ሰሜን የካቩር ቦይ አለ፤ ከ1863 እስከ 1866 የተቆፈረ፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ሴዚያ ወንዝ ሲደርስ ከወንዙ ሥር ገብቶ ማዶ የሚወጣ። አንድ ቀን ካተረፋችሁ ለብቻው ሄደህ እየው።

ማሳው ውስጥ ነጭ ሆና አንገቷና ራሷ ጥቁር፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፍ ብታዩ፣ ጣና ዳር የምናውቃት ያቺው ናት። እዚህ ግን የአገሩ ወፍ አይደለችም፤ ከመካነ አራዊት አምልጣ ከተራባች ወዲህ የዱር አዋቂዎቹ አይወዷትም።

ስለ ምግብ፣ እትዬ። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለምትመጡ የረቡዕና የዓርብ ጾም አያስጨንቃችሁም፤ ጰራቅሊጦስ ካለፈ ግን ሪዞቶ የሚሉት የሩዝ ምግባቸው ሁሉ ቅቤና አይብ አለበት። ከጾም በላይ የሚያስቸግረው የአሳማው ነገር ነው። የቬርቼሊ ፓኒሳ ባቄላ መሰል እህልና ሩዝ ሆኖ ይቀርባል፣ ሲያዩት ጾም ይመስላል፤ ውስጡ የአሳማ ሳላሜና ስብ አለበት። ሞርታራ በዝይ ሳላሜ የታወቀች ናት፣ «የዝይ ነው» ብላችሁ እንዳትበሉት፤ የአሳማ ሥጋ ይቀላቀልበታል። «ሴንሳ ማያሌ» በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። እንቁራሪትም ይጠብሳሉ፤ እሱን ሳትጠይቁ እለፉት። እሑድና ሰኞ የሚዘጋ ሱቅ ብዙ ነው፣ ለአንድ ቀን የሚሆን ዳቦ፣ እንቁላልና ቆሎ ሁልጊዜ በሻንጣው ይኑር።

ማታ ቢንቢው ይመጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ የሚቀባውን ከፋርማሲ እገዛላችኋለሁ። ማደሪያ በየከተማው የተሳላሚ ቤት አለ፤ የተሳላሚ መታወቂያ የሚባል ደብተር ተይዞ በየደረሱበት ማኅተም ይመታበታል። ከአንድ ቀን በፊት መደወል ግዴታ ነው፤ ቁልፉ ያለው ብዙ ጊዜ ከአንድ ጡረተኛ ቤት ነው። ስልኩን እኔ እደውላለሁ። የመጨረሻው ቀን ወደ ፓቪያ ስትቃረቡ መንገዱ በቲቺኖ ወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ወንዙ ከሞላ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ከጋርላስኮ በባቡር ግቡ።

ከዚያ ሁለት ቀን አርፋችሁ፣ ከፓቪያ ወደ ምዕራብ ተመልሳችሁ ኮረብታው። ከፖ ወንዝ በስተሰሜን ሜዳው ነው፣ ወንዙን እንደተሻገራችሁ ዳገቱ ይጀምራል፤ ሞንፌራቶ ይባላል። ካሳሌ ሞንፌራቶ 116 ሜትር ላይ ነች፣ የክሬያ ቅዱስ ኮረብታ 455 ሜትር ገደማ። ቁመቱ ለእኛ አገር ሰው ምንም አይደለም። ግን ወይን በተተከለበት ነጭ ሸክላ አፈር ላይ ዝናብ ከጣለ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ከሜዳው ይልቅ በትሩ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ክሬያ ላይ በጫካው ውስጥ ከ1589 ጀምሮ የተሠሩ 23 ትንንሽ የጸሎት ቤቶች አሉ፣ በየቤቱ የሸክላ ሐውልት ቆሟል፤ እትዬ ለብቻው ግማሽ ቀን ያዢለት። ወደ ጫፉ ስትወጡ በስተሰሜን የመጣችሁበት ሜዳ ይታያል፣ ሰማዩ ከጠራም ከኋላው በረዶ የለበሰው አልፕስ። ጋሼ፣ ታች ሆነህ «ለምን ያዞረናል» ያልከው ሁሉ ከዚያ ላይ መልስ አለው። ቼላ ሞንቴ የምትባለው መንደርም ከዚያ ሩቅ አይደለችም፤ ቤቶቿ በነጭ ድንጋይ ነው የተሠሩት፣ በሥራቸው ድንጋዩን ፈልፍለው ያወጡት የወይን ጠጅ ጓዳ አለ። ሣር ውስጥ ከገባችሁ ማታ እግራችሁ ላይና ከጉልበታችሁ ኋላ መዥገር ፈልጉ።

አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉልኝ። ሁለታችሁም ማታ፣ ቀኑን ሙሉ ከቆማችሁ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ቁሙና በእግራችሁ ዙሪያ በእርሳስ አሥምሩ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር ለኩና ሁለቱንም እግር ጻፉልኝ፣ አንዱ ከሌላው ይበልጣልና። ጫማውን እኔ ልግዛና በሰው እጅ ልላክላችሁ፤ ቢያንስ አንድ ወር ወደ ገበያ ስትሄዱ እያደረጋችሁት እንዲለሰልስ።

ታናሽ ወንድማችሁ