ስለ አውራ ጣትሽ

እንዴት ነሽ እህቴ? ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ ድንገት ስጽፍልሽ ምን ትዪኝ ይሆን? ትዳር መያዝሽን ሰምቻለሁ፣ ደብረ ብርሃን ሱቅ መክፈትሽንም። ደስ ብሎኝ ነበር። ስልክሽን ይዤ ልደውል እልና እተወዋለሁ። ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት፣ አራተኛ ፎቅ። ሌሊቱን ሙሉ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚገቡት የጭነት መኪኖች ሲያጓሩ ያድራሉ፣ ለምጄዋለሁ። ሥራዬም እዚሁ ቅርብ ነው። አንድ መጋዘን ጥበቃ ላይ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። አዲስ የሚቀጠሩትን ደግሞ የመሣሪያ አያያዝ አሳያለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ተቀጠረች። ቀጠን ያለች፣ እጇ ልክ እንዳንቺ ትንሽ። ለልምምድ ወሰድናት። አምስት ጥይት ተኮሰች፣ አምስቱም ከመሀሉ በስተግራ ሄደው እፍኝ በምታክል ቦታ ላይ ተጠጋግተው አረፉ። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ "ፈርተሻል" አላት። እኔ ግን የዒላማውን ወረቀት ሳይ ሆዴ ተላወሰ። ያንቺ ወረቀት ነበር እኮ! አብረን ስንሠለጥን ያንቺም ቀዳዳዎች ሁልጊዜ በግራ በኩል ተጠጋግተው ነበር የሚገኙት፣ ትዝ ይልሻል? የፈራ ሰው እኮ ጥይቱን ይበትነዋል፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች ይሄድበታል። አሥር ጊዜ ተኩሶ አሥሩንም አንድ ቦታ የሚያሳርፍ ሰው ዓይኑም ልቡም ደህና ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረብን።

ካዝናውን አወጣሁ፣ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ሽጉጡን መልሼ ሰጠኋት። "እንደምትተኩሺ አድርገሽ ያዢው" አልኳትና አጎንብሼ እጇን አየሁ። ሌባ ጣቷ የመተኮሻውን ምላጭ የምትነካው በጫፏ፣ ጥፍሯ ሥር ባለችው ብቻ ነው። እንደዚያ ሲሆን ምላጩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይሳብም፣ ጣቷ ወደ ጎን ትገፋዋለች። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ጥይቱን ወደ ግራ ይወስደዋል። ጣት ከመጠን በላይ ሲገባ ደግሞ ወደ ቀኝ ይጎትታል። የሚፈለገው የመጀመሪያዋ የጣት ሥጋ መሀሏ ምላጩ ላይ እንዲያርፍ ነው።

ያኔ በሥልጠናው የምትተኩሺበት ወፍራም ሽጉጥ ምን እንደነበረ አሁን ገብቶኛል። የሽጉጥ እጀታ ውፍረት የሚመጣው ከውስጡ ነው፣ ካዝናው እዚያ ስለሚገባ። ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ ስምንት ጥይት በአንድ ረድፍ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ እጀታው ቀጠን ይላል። 15 እና 17 ጥይት የሚይዙት ግን ጥይቱን በሁለት ረድፍ አዛንፈው ስለሚደረድሩ እጀታቸው ይወፍራል። ለሰፊ መዳፍ ምንም አይደለም። ላንቺ እጅ ግን ጣትሽ ምላጩ ጋ ለመድረስ ገና መንገድ ይቀራታል፣ እና እጅሽ ምን አደረገ? ዞረ። እጀታውን በመሀል መዳፍሽ መያዝ ትተሽ ወደ አውራ ጣትሽ በኩል አሽከርክረሽ ያዝሽው፣ ማንም ሳይነግርሽ፣ ጣትሽን ለማድረስ ብለሽ።

አውራ ጣትሽ ለምን እንደሚያብጥ የገባኝም ያኔ ነው። ሽጉጥ በትክክል ሲያዝ አፈሙዙና ክንድ አንድ መስመር ይሆናሉ። ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል በአንጓ አልፎ ክንድ ውስጥ ይገባል። እጅ ሲዞር ግን ምቱ በብዛት አውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ማታ ማታ በሞቀ ውሃና በጨው ስትነክሪው አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ስናየው የከረምነው እብጠት ሁሉን ነገር ይናገር ነበር፣ የሚያነብለት ሰው ግን አልነበረም።

ትንሽ ነገር ናት እንዳትዪ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የማካሮቭ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ መሀላቸው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምላጭ ስትስቢ የፊተኛዋ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ብትዛነፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። አንዲት ሚሊ ሜትር! ሙሉ ጣት ሲገፋው እንግዲህ አስቢው።

የልጅቷን ወፍራም ሽጉጥ ተቀብዬ ማካሮቭ ሰጠኋት። ከኋላ ያለው መምቻ ሳይነሳ ስለሚሳብ የመጀመሪያዋ ጥይት የምላጭ አሳሳብ ረዥምና ከባድ ነው፣ እሷ ትንሽ ዝቅ አለችባት። ሌሎቹ ወደ መሀል ገቡ። ዞራ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቀችም።

በነገራችን ላይ የተገላቢጦሹም አለ። ከእኛ ጋር የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ መዳፋቸው እንደ አካፋ የሰፋ። ማካሮቭ እጃቸው ውስጥ ይጠፋል፣ የጣታቸው ጫፍ ዞሮ የራሳቸውን መዳፍ ይወጋል፣ ትንሿ ጣታቸው ከእጀታው ሥር ተንጠልጥላ ትቀራለች። ግራ እጃቸው ደግሞ የሚደግፍበት ቦታ አያገኝም። አለቃ አስፈቅደው እጀታውን በብስክሌት ካላማዳሪያ ጠቀለሉት። አሁን አይንሸራተትም፣ መዳፋቸውንም ሞላው።

በሌላው ዓለም ይሄ ከታወቀ ቆይቷል። ግሎክ የሚባለው ሽጉጥ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አራተኛ ትውልድ ላይ የእጀታው ጀርባ እየተቀየረ እንደ እጅ ልክ ይሆናል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2017 የመረጠው ሽጉጥም ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እጀታ አለው። ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የሚወዳደሩትማ የእንጨቱን እጀታ በሞረድ እየሞረዱ፣ በሚጠነክር ሙሊት እየሞሉ የራሳቸውን መዳፍ ቅርጽ ያስይዙታል። እነሱ የሚያልሙት መሀል ቀለበት ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ናት። እጃቸውን እንደ ሽጉጡ አላደረጉም፣ ሽጉጡን እንደ እጃቸው አደረጉ።

እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ለታላቅ ወንድሜ የራሱን እርፍ ሲጠርብለት አይቻለሁ፣ በቁመቱ ልክ፣ ደጋግሞ እያስያዘው። የመጥረቢያ ዛቢያ እንኳ ሲቆርጥ መጀመሪያ እጅ ይለካ ነበር። ይሄን እያየሁ ነው ያደግኩት። ያኔ አብረን ስንሠለጥን ግን አንድም ጊዜ አልታሰበኝም።

ሦስተኛውን የተኩስ ፈተና የወደቅሽ ዕለት ሻንጣሽን ስታሰሪ በሩ ላይ ቆሜ "አንቺ እኮ ልብ ነው ያጣሽው" አልኩሽ። አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝና ምንም ሳትመልሺልኝ ዚፑን ዘጋሽ። ስድስት ዓመት ያልደወልኩት በዚያ ቃል ነው። ያኔም ልክ እንዳልሆነ ይሰማኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። አሁን አወቅኩ። ልብሽ ሙሉ ነበር። እጅሽም ደህና ነበር። የሰጡሽ ሽጉጥ ነው ላንቺ እጅ ያልተሠራው፣ እኔ ደግሞ ጓደኛሽ ሆኜ አጎንብሼ ጣትሽን ማየት አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፈረቃ የለኝም፣ እደውልልሻለሁ። ባታነሺውም አልቀየምም፣ እሑድ ደግሜ እሞክራለሁ። ከፈቀድሽ ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ብቅ እላለሁ። የእናንተ አገር ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ያቺ አውራ ጣትሽ አሁንም ታምሻለች?