ስለ አሺንግተን የሥዕል ቡድን ለአባላት የተላከ መልእክት

የተከበራችሁ የሥዕል ቡድናችን አባላት፣

የቡድናችንን ሥራዎች በአንድ ላይ ለማቆየት በተነጋገርነው መሠረት፣ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘውና ቀድሞ የከሰል ማዕድን ከተማ በነበረችው በአሺንግተን የተመሠረተውን የአሺንግተን ቡድን ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድኩ። እ.ኤ.አ. በ1934 አብዛኞቹ የማዕድን ሠራተኞች የሆኑ ሰዎች ስለ ሥነ ጥበብ የማታ ትምህርት ጀመሩ። መምህራቸው ሮበርት ላየን የታላላቅ ሠዓሊያንን ሥራዎች በስላይድ ቢያሳዩዋቸውም ትምህርቱ ወደ ልባቸው ሊገባ ስላልቻለ፣ ራሳቸው እየሠሩ እንዲማሩ ሐሳብ አቀረቡላቸው፤ እነርሱም ሊኖሊየም የተባለውን የወለል ንጣፍ እየፈለፈሉ ሥዕል በማተም ጀምረው ወደ ቀለም ተሸጋገሩ።

ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት የቤት ግድግዳ የሚቀባበትን ርካሽ ቀለም ነበር። የሚሥሉትም የሚኖሩበትን ሕይወት ነው፦ በጠባቡ ዋሻ አጎንብሶ ከሰል የሚቆፍረውን ሰው፣ በማዕድኑ ጉድጓድ ውስጥ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ፣ የጓሮውን አትክልት። እያንዳንዱ ሥራውን ይዞ መጥቶ በባልንጀሮቹ ፊት ያቀርባል፣ አስተያየታቸውንም በትዕግሥት ያዳምጣል፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ይህንን ልማዳቸውን ነው።

ቡድኑ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘልቋል። ሥዕሎቹ በየቤቱ ተበታትነው እንዳይቀሩ የጋራ ስብስብ አድርገው በማቆየታቸው፣ ዛሬ በዚያው አካባቢ በሚገኘው የዉድሆርን ሙዚየም ይታያሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችሁ ለጋራ ስብስባችን የምትሰጡትን አንድ ሥራ፣ የተሠራበትን ዓመት ከጀርባው ጽፋችሁ እንድታመጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።